ለአስተርጓሚዋ እኅቴና ለደከማችሁልኝ ሁሉ

በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ለምትኖሩ ወዳጆቼ፣ ለጽዋ ማኅበራችን አባላትና ለሥራ ባልደረቦቼ፤

ከሁሉ አስቀድሞ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ቀዶ ሕክምናው በሰላም አልፎ ቆሜ እሄዳለሁ። ብዙዎቻችሁ ሕመሜ ምን እንደሆነ ሳትጠይቁ ገንፎና አጥሚት ይዛችሁ መጣችሁ። ስለ ጨዋነታችሁ አመሰግናለሁ፤ እኔ ግን እነግራችኋለሁ። ማሕፀኔ ወደ ታች ወርዶ ነበር፤ ሳስልና ስስቅም ሽንቴ ያመልጠኝ ነበር። አራት ልጅ የወለደች፣ ከዚያም ለዓመታት አረጋውያንን ከአልጋ እያነሣች የኖረች ሴት የማሕፀኗ ደጋፊ ጅማቶች ቢላሉ ምን ያስገርማል?

ትልቁ ምስጋናዬ ለአማርኛ አስተርጓሚዋ ነው። ቀድሞ ሐኪም ዘንድ ስሄድ የሚያስተረጉምልኝ የመጨረሻው ልጄ ነበር። ልጄ ቡሩክ ነው፤ ነገር ግን እናት ይህን በወንድ ልጇ አፍ እንዴት ታስነግራለች? ስለዚህ የሚታከምልኝ ወገቤ ብቻ ነበር። ሆስፒታሉ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ እንዳለበት የነገረችኝ ነርስ ትባረክ። አስተርጓሚዋም ሳታፍርና ሳታሳፍረኝ፣ አንዲት ቃል ሳትቀንስ አደረሰችልኝ። ልጄ ሆይ፣ ይህን ስታነብ ቅር አይበልህ፤ መኪናውን የነዳኸው፣ ሌሊቱንም ከጎኔ ያደርኸው አንተ ነህ።

ሐኪሜ ሆዴን ሳትከፍት፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብታ የወረደውን ወደ ቦታው መለሰች፤ ለቀዶ ሕክምና በተሠራ ስስ መረብም ከጀርባ አጥንቴ የታችኛው ክፍል ጋር አያያዘችው። ሽንቴ እንዳያመልጠኝም ከሽንት ቧንቧው ሥር ቀጭን መደገፊያ አኖረች። ስለ መረቡ የሰማሁት ወሬ አስፈርቶኝ ነበርና ደጋግሜ ጠየቅኋት። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2019 ሽያጩ እንዲቆም ያዘዘው ለማሕፀን መውረድ በብልት በኩል የሚገባውን መረብ እንደሆነ፣ የእኔ ግን በሆድ በኩል እንደሚገባ፣ እርሱም ቢሆን ከአደጋ ነጻ እንዳልሆነ ሳትደብቅ አስረዳችኝ። ለትዕግሥቷ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በማግስቱ ቤቴ ገባሁ።

ለ6 ሳምንት ከባድ ነገር እንዳላነሣ ታዝዤ ስለነበር ልብሴን ያጠባችሁልኝ፣ እንጀራ የጋገራችሁልኝ፣ የሥራ ፈረቃዬን የሸፈናችሁልኝ እኅቶቼ፣ ውለታችሁን ፈጣሪ ይክፈላችሁ።

እንዲህ ያለ ሕመም ደብቃችሁ የያዛችሁ ካላችሁ ለብቻችሁ ጥሩኝ፤ አስተርጓሚ እንዴት እንደሚጠየቅ አሳያችኋለሁ። በእኔ ተራ ጽዋውን ያወጣችልኝ እኅቴም ወጪዋን ትንገረኝ፤ ዝም ብትል እኔ ዝም አልላትም።