ለልጄ፦ ትምህርቱን እሺ፣ ዋጋውን ግን እንነጋገር

የኔ ልጅ፣

የዱር እንስሳት ሳይንስ መማር እንደምትፈልጊ ከነገርሽን ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። አባትሽ ዝም ብሏል። ዝምታው እምቢታ እንዳይመስልሽ፣ ሒሳብ እየሠራ ነው። እኔም የራሴን ሠርቻለሁ። ስልክ ላይ ስንጀምረው ስለምንጨቃጨቅ ቁጭ ብዬ ብጽፍልሽ ይሻላል አልኩ።

የምናውቀው ሰው ሁሉ "ለምን ነርስ አትሆንም?" ይለኛል። እኔ ነርስ ነኝ፤ ሙያዬን እወደዋለሁ፣ ያሳደገሽም እሱ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ደሞዝ አስተያየሁ። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ እንደሚለው በ2023 የነርስ መካከለኛ የዓመት ደሞዝ 86,070 ዶላር ነበር። የዱር እንስሳት ባዮሎጂስት ደግሞ 70,600 ዶላር። ግማሹ ሰው ከዚያ በላይ፣ ግማሹ ከዚያ በታች ያገኛል ማለት ነው።

ልዩነቱ አላስደነገጠኝም። በ70 ሺህ ዶላር ሰው ይኖራል። ያሳሰበኝ እዚያ እስኪደረስ ያለው መንገድ ነው። ነርስ ፈተናዋን አልፋ ፈቃዷን ከያዘች ሥራ ለማግኘት ብዙ አትቸገርም። በአንቺ ሙያ ግን የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራ ባብዛኛው የወቅት ነው። አንዱን ሰመር አንድ ስቴት ወፍ ትቆጥሪያለሽ፣ በሚቀጥለው ሌላ ቦታ ዓሣ ትመዘግቢያለሽ። ክፍያው በሰዓት ነው፣ ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ የለውም፣ ወቅቱ ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል። ጥሩ ቋሚ ቦታ ላይ ያሉት ደግሞ ብዙዎቹ ማስተርስ አላቸው።

ስለዚህ ለእኔ ትልቁ ጥያቄ ስንት ዕዳ ይዘሽ ትመረቂያለሽ የሚለው ነው። መንግሥት ለአንቺ በስምሽ የሚያበድረው በመጀመሪያው ዓመት እስከ 5,500፣ በሁለተኛው 6,500፣ ከዚያ በየዓመቱ 7,500 ዶላር ነው። በአራት ዓመት 27 ሺህ ይሆናል። በ6.5 በመቶ ወለድ በአሥር ዓመት ብትከፍዪው በወር 307 ዶላር ገደማ ነው። ከጓደኞችሽ ጋር ቤት ተጋርተሽ፣ በወቅት ሥራም ቢሆን ትወጪዋለሽ። ዕዳው 80 ሺህ ከሆነ ግን በወር 900 ዶላር ያልፋል። ያኔ ወፉን ትተሽ ቶሎ የተገኘው ሥራ ውስጥ ትገቢያለሽ። እኔ የምፈራው ይህንን ነው። ከምትወጂው ሙያ የሚያስወጣሽ ደሞዙ ሳይሆን ብድሩ እንዳይሆን።

ለዚህ ነው ከሞንታና ይልቅ የስቴታችንን ቨርጂኒያ ቴክ የምልሽ። የሞንታናው ፕሮግራም ስም እንዳለው አውቃለሁ፤ ተራራውም እንደሚጠራሽ ይገባኛል። ግን እዚያ ከስቴት ውጭ የመጣ ተማሪ ነሽ፣ ክፍያው የነዋሪው ብዙ እጥፍ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት የዱር እንስሳት ባዮሎጂስት ሲቀጥር የሚያየው ክሬዲት ነው፦ ቢያንስ 9 ክሬዲት በዱር እንስሳት ትምህርቶች፣ 12 በዞኦሎጂ (የእንስሳት ሳይንስ)፣ 9 በዕፅዋት ሳይንስ። ይህንን ቨርጂኒያ ቴክ ባለበት ብላክስበርግም ትሞዪዋለሽ። የዕፅዋቱን ብዙ ተማሪ ይረሳዋል አሉ፤ አንቺ አትርሺው። ስታቲስቲክስና የካርታ ሥራውን፣ ጂአይኤስ የሚሉትን፣ አጥብቀሽ ያዢ።

ማስተርሱን ደግሞ ከኪስሽ እንዳትከፍዪ። በዚህ ሙያ ፕሮፌሰሩ ለምርምሩ ገንዘብ ሲያገኝ ተማሪውን በረዳትነት ይቀጥራል። የትምህርት ክፍያው ይሸፈናል፣ የወር አበልም አለው። ገንዘብ ያልያዘልሽን አመስግነሽ እለፊ።

ሥራውን በፌዴራል መንግሥት ላይ ብቻ አታስቢው። በፌብሩዋሪ 2025 ከብሔራዊ ፓርኮች ብቻ አንድ ሺህ ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ተሰናብቷል። የየስቴቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ሌላ የገንዘብ ምንጭ አለው። በ1937 በወጣ ሕግ ከሽጉጥ ሽያጭ 10፣ ከጠመንጃና ከጥይት ደግሞ 11 በመቶ ቀረጥ ይሰበሰብና ለስቴቶቹ ይከፋፈላል። እንስሳ ለመጠበቅ ገንዘቡ ከጠመንጃ ገዢ መምጣቱ በጣም ነው የገረመኝ። አማካሪ ድርጅቶችም አሉ። ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን በሚጠብቀው የ1973ቱ ሕግ ምክንያት መንገድ ወይም የነፋስ ኃይል ማመንጫ የሚገነባ ብዙ ጊዜ እንስሳቱን የሚያጠናለት ሰው ይፈልጋል። አባትሽ ደግሞ ኤርፖርትን አነሳ። በ2009 ዝይዎች ሞተሩ ውስጥ ገብተው ሃድሰን ወንዝ ላይ ያረፈውን አውሮፕላን ታስታውሺ እንደሆነ አላውቅም፣ ሕፃን ነበርሽ። ኤርፖርቶች ወፎቹን ከአውሮፕላን መንገድ የሚያርቅ ባዮሎጂስት ይፈልጋሉ። አባትሽ ደላስ ኤርፖርት ሲመላለስ የኖረ ሰው ስለሆነ ይህቺን ሲያገኝ ፊቱ በራ።

እኛ የምንችለውን ልንገርሽ። እስከ 26 ዓመትሽ በእኔ ኢንሹራንስ ትቆያለሽ፣ ሕጉ ይፈቅዳል። ስለዚህ ከተመረቅሽ በኋላ ኢንሹራንስ የሌለውን የወቅት ሥራ ሳትፈሪ መያዝ ትችያለሽ። ክፍልሽም እዚሁ አለ። በስማችን ወላጅ የሚበደረውን ብድር ግን አንወስድም፤ ታናሽ ወንድምሽም ከኋላሽ አለ።

ዩኒቨርሲቲሽን መርጠሽ የምታሳውቂበት ሜይ 1 ከመድረሱ በፊት ሁለቱም ትምህርት ክፍሎች ጋ ደውዪ። ባለፈው ዓመት ከተመረቁት ስንቱ በሙያው ተቀጠረ? ስንቱስ የሚከፈልበት የሰመር ሥራ አገኘ? ብለሽ ጠይቂ። መልሱን ጽፈሽ ላኪልኝ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሦስታችን እናየዋለን።

እናትሽ