እማዬ፣ ኬሚስትሪው ቀለል ይበልላት

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

እሁድ በስልክ ያልሽኝ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ። «ልጅቷን አታለስልሷት፣ ከባዱን ትውሰድ» ነበር ያልሽው። እኔም «እሺ» ብዬሽ ዘጋሁት። ጥሩ አላደረግሁም። የማስበውን ያኔውኑ ልነግርሽ ይገባ ነበር። ግን በስልክ ሲሆን አንቺ ቶሎ ይከፋሻል፣ እኔም ድምፄ ይጠነክራል። ስለዚህ ልጻፍልሽ አልኩ።

የልጅ ልጅሽ ለቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት የምትማረው ኢንተርናሽናል ባካሎሬት የሚባለውን ነው። ስድስት ትምህርት ትይዛለች። የተለመደው ሦስቱን በሃየር፣ ማለትም በጥልቀት፣ ሦስቱን ደግሞ በስታንዳርድ መማር ነው። አራት ሃየር መውሰድም ይፈቀዳል። እሷ አራት ሞልታለች፦ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ታሪክ። ቅጹ የሚገባው ሐሙስ ነው።

እኔ ኬሚስትሪው ወደ ስታንዳርድ ይውረድ ባይ ነኝ። ይቅር አላልኩም። ትማረዋለች፣ ትፈተነዋለች። ነጥቡም ሃየር ሆነ ስታንዳርድ እኩል ከ7 ነው የሚሰጠው። ልዩነቱ ጊዜው ላይ ነው። ለአንድ ሃየር ትምህርት በሁለቱ ዓመት ውስጥ 240 የክፍል ሰዓት ይመከራል፣ ለስታንዳርድ 150። እሱ ክፍል ውስጥ የምትቀመጥበት ብቻ ነው፣ ቤት ድረስ የሚከተላት ደግሞ ሌላ ነው። በዚያ ላይ እስከ 4,000 ቃል የሚደርስ የምርምር ጽሑፍ ይጠብቃታል። ከክፍል ውጭ ስፖርቱ፣ የፈጠራ ሥራውና በጎ አገልግሎቱም ግዴታ ነው። በጠንካራነቱ የታወቀው ይህ ትምህርት እንኳ ስድስቱንም በጥልቀት ተማሩ አይልም። ይህን ሳስብ ልቤ ትንሽ ይረጋጋል።

ማክሰኞ ማታ ከእሷ ጋር ቁጭ ብለን ወረቀት ላይ 24 ካሬ አሰመርን። አንዱ ካሬ አንድ ሰዓት። ትምህርት ቤትና መንገድ 9 ካሬ ወሰደ። መብላትና መታጠብ 2። ቤት ውስጥ ጥናት 5፤ ይህን አራት ሃየር የያዙ ልጆችን ጠይቃ ነው ያመጣችው። መረብ ኳሷ 1። የቀሩትን 7 ካሬዎች በሰማያዊ እርሳስ ቀባችና «እንቅልፍ» ብላ ጻፈችባቸው። ከዚያ እርሳሱን አስቀምጣ ወረቀቱን ትክ ብላ አየችው። «ታዲያ እኔ መቼ ነው ዝም ብዬ የምቀመጠው?» አለችኝ። እማዬ፣ መልስ አልነበረኝም።

የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ይመክራል። «ቶሎ ትተኛ» ትይኝ ይሆናል። በዚህ ዕድሜ የሰውነት ሰዓት ራሱ ወደ ኋላ ስለሚዘገይ ቶሎ ልተኛ ብትልም እንቅልፉ አይመጣላትም፤ ትምህርት ቤቱ ግን በጠዋት ይጠብቃታል። ደግሞም ቀን የተማሩት ነገር አእምሮ ውስጥ የሚረጋው ሲተኙ ነው። ከእንቅልፏ ቀንሳ ስታጠና ያጠናችውን ራሱን ነው የምታጣው። ኬሚስትሪው ከወረደ ቢያንስ አንድ ካሬ እናገኛለን። አንድ ብቻ ናት፣ አውቃለሁ። ግን 7ቱን 8 ታደርጋለች።

አሁን ነግሬሽ የማላውቀውን ልንገርሽ። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ የፊዚክስ ፈተናውን ያበላሸሁት ትኩሳት ይዞኝ ነው ብዬሽ ነበር። ትኩሳት አልነበረኝም። ሦስት ሌሊት በቅጡ አልተኛሁም ነበር። ጥያቄውን አራት ጊዜ አነበብኩት። ፊደሉ ይታየኛል፣ ትርጉሙ ግን አልገባ አለኝ። በነጋታው ተኝቼ ስነሳ ያንኑ ጥያቄ ደብተሬ ላይ ሠራሁት፤ አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። አንቺ ግንባሬን በእጅሽ ዳሰስ አድርገሽ «ተመስገን፣ ወረደልህ» ስትዪ ዝም አልኩ።

ይህን የምጽፈው ልወቅስሽ አይደለም። ለዚህ ያበቃኝ ጥብቅነትሽ ነው፤ ይህንን መቼም አልረሳም። «ይህስ ይበዛብኛል» ብልሽ ኖሮ እንደምትሰሚኝ አሁን ይገባኛል። ያኔ ግን ፈራሁ። ልጄም እየፈራች ነው። ያ ነው ዕረፍት የነሳኝ።

ዋናው ደግሞ ይኸውልሽ። አንቺ ሐኪም ትሆናለች ብለሽ ነው ተስፋ የምታደርጊው። እሷ የምትፈልገው ምህንድስና ነው። ላንቺ መንገር ከብዷታል። ሕክምና ብትል ኖሮ ኬሚስትሪውን አልነካውም ነበር፣ ምክንያቱም ብዙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በሃየር ነው የሚፈልጉት። ለምህንድስና ግን በአብዛኛው ሒሳብና ፊዚክስ ናቸው የሚጠየቁት። ሁለቱንም በሃየር ይዛለች። የሚዘጋባት በር እንዳይኖር ልትማርባቸው ያሰበቻቸውን ዩኒቨርሲቲዎች መስፈርት አብረን አይተናል።

«ታሪኩ ይውረድ እንጂ» ማለትሽም አይቀርም። ታሪክ ማንም ሳያዛት የምታነበው ትምህርት ነው። ባለፈው ሳምንት ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት መነሻ የጻፈችውን ካላነበብኩላችሁ ብላ ራት አቀዘቀዘችብን። እንዲህ ዓይኗን የሚያበራውን ወስጄ ለይስሙላ የሞላችውን ላቆይባት አልችልም። ኬሚስትሪን ሃየር ያደረገችው ጓደኞቿ ስላደረጉት ነው። ይህን ራሷ ነግራኛለች።

እባክሽ ከሐሙስ በፊት ደውይላት። ስለ ኬሚስትሪው አትጀምሪላት፤ ስለዚያ ጽሑፏ ጠይቂያት፣ በዚያው ታወራሻለች። ወሬው ምርጫዋ ላይ ሲደርስ «ያልሽው ይሁን፣ አላዝንብሽም» በያት። ከእኔ ሰምታዋለች፣ ግን አላመነችኝም። ካንቺ ከሰማችው ታምናለች።

ረቡዕ ማታ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቤት ናት።

ልጅሽ