የአውግስጦስ እግር ለምን ባዶ ሆነ?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ ስለ ጥንታዊት ሮም ምስሎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አንብበነዋል። ቅር ያሰኘን ከጎኑ የቀረበው ሠንጠረዥ ነው። ንስር ኃይል፣ ዘንባባ ድል፣ የጨረር ዘውድ የፀሐይ አምልኮ እያለ ለእያንዳንዱ ምልክት አንድ አንድ ፍቺ ይሰጣል። አንባቢ ያንን ቆርጦ ቢይዝና አንድ ሙዚየም ቢገባ በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ይሳሳታል። ምልክቱን ማን እንደያዘው፣ የት እንደተቀመጠና ከምን ጋር እንደቆመ ሳያዩ መፍታት አይቻልምና።

ዘንባባውን እንውሰድ። ክንፍ ያላት ሴት ዝንጣፊውን ይዛ ከታየች ቪክቶሪያ የምትባለው የድል አምላክ ናት፤ ሠንጠረዡ እዚህ ላይ ልክ ነው። ነገር ግን ቄሳሩ ቬስፓሲያን ኢየሩሳሌም ከጠፋች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ71 ባስመታው 25 ግራም ገደማ በሚመዝን የናስ ሳንቲም ላይ ዘንባባው ሙሉ ዛፍ ሆኖ መሃል ላይ ቆሟል፤ ከሥሩ አንዲት ሴት አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች፤ ዙሪያውን «ይሁዳ ተያዘች» የሚል ተጽፏል። እዚህ ዛፉ የአገሪቱ መለያ ነው። የጨረር ዘውዱም እንዲሁ ነው። እርግጥ ከፀሐይ አምላክ የተወሰደ ነው፤ ከቄሳር ኔሮ ዘመን ወዲህ ግን በተራ ገንዘብ ላይ የዋጋ ምልክት ሆኖም አገልግሏል። ዱፖንዲየስ የተባለው ሳንቲም ከናስ፣ በዋጋ የእርሱ ግማሽ የሆነው አስ የተባለው ከመዳብ ይመታ ነበር፤ መጠናቸው ተቀራራቢ ነው፤ ሁለቱም ሲጠቁሩ መለየት ያስቸግራል። ጨረር የደፋው ቄሳር ያለበት እጥፍ ዋጋ ያለው ዱፖንዲየስ ነው። ገበያተኛ የሚፈልገውም ይህንኑ ነበር።

በሳንቲሞቹ ጀርባ የሚታዩት ሴቶች ደግሞ አብዛኞቹ ፍሬ የሞላ ቀንድ ታቅፈዋል። ቀንዱን ብቻ አይቶ «ጥጋብ» ብሎ ማለፍ ትልቁ ስህተት ነው፤ መታየት ያለበት ሌላኛው እጅ ነው። የመርከብ መሪ ከያዘች ዕድልን የምትመራው ፎርቱና ናት፤ ሚዛን ከያዘች ኤኩዊታስ፣ ማለትም ርትዕ፤ የወይራ ዝንጣፊ ከያዘች ፓክስ፣ ማለትም ሰላም። የስንዴ ዛላ ይዛ አጠገቧ የእህል መስፈሪያና የመርከብ አፍንጫ ካለ አኖና ናት፤ ለሮም ከተማ ከባሕር ማዶ የሚመጣውን እህል ትወክላለች። እባብ የምትመግበው ደግሞ ሳሉስ፣ ጤንነት ናት። ጽሑፉ ሳይጠፋ ከቀረ እርሱን አስቀድሞ ማንበብ ይሻላል፤ ብዙ ጊዜ ስሟን ይናገራል።

አሁን ከጽሑፋችሁ ጋር ወደ ወጣው ትልቅ የአውግስጦስ ሐውልት ፎቶ እንምጣ። ሐውልቱ እ.ኤ.አ. በ1863 ከሮም በስተሰሜን ፕሪማ ፖርታ በተባለው ቦታ፣ በአውግስጦስ ሚስት በሊቪያ የገጠር መኖሪያ የተገኘው ነው፤ ዛሬ በቫቲካን ሙዚየም ይገኛል፤ ቁመቱ ከ2 ሜትር ጥቂት ያልፋል። አውግስጦስን የኛ አንባቢ ከሉቃስ ወንጌል ያውቀዋል፤ ዓለሙ ሁሉ እንዲጻፍ ያዘዘው ቄሳር ነው። የፎቶው መግለጫ «የጦር አዛዥ» ብሎ አልፎታል። እግሩን ግን እዩት፤ ጫማ የለውም። ጥሩር (የደረት መከላከያ) የለበሰ የሮማ አዛዥ በባዶ እግሩ አይዘምትም። ባዶ እግር ሮማውያን ከግሪኮች የወረሱት የአማልክትና የጀግኖች መለያ ነው፤ ላዩ ወታደር፣ ታቹ ከሰው በላይ ማለት ነው።

ከቀኝ እግሩ አጠገብ ዶልፊን የጋለበ ሕፃን አለ። ሕፃኑ የፍቅር አምላክ የቬኑስ ልጅ ኩፒድ ነው፤ ዶልፊኑ ቬኑስ ከባሕር መውጣቷን ያስታውሳል፤ የአውግስጦስ ወገን የሆነው የዩሊየስ ቤተሰብም የዘር ሐረጉን ከእርሷ ይቆጥር ነበር። እዚህ ላይ የእጅ ሙያውንም ማየት ያስፈልጋል። እምነ በረድ ሸክም ይችላል፤ መታጠፍና መሳብ ግን አይችልም። የዚህ ሁሉ ድንጋይ ክብደት በሁለት ቁርጭምጭሚት ላይ ብቻ ቢያርፍ እዚያው ይቀነጠሳል። የነሐስ ሐውልት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ድጋፍ አያስፈልገውም፤ የድንጋዩ ግን በእግሩ ጎን ድጋፍ ሊተውለት ግድ ነው። በአብዛኞቹ ሐውልቶች ድጋፉ የዛፍ ጉቶ ነው፤ የዚህ ቀራፂ ብልሃት ጉቶውን የዘር ሐረግ ማድረጉ ነው።

የጥሩሩ መሃል ላይ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመዋል። ሱሪ የለበሰው ጢማም የፓርቲያ ሰው ነው፤ መጽሐፍ ቅዱሳችን «ጳርቴ» የሚላቸው ናቸው። ጫፉ ላይ ንስር ያለበትን የጦር ዓርማ ለሮማዊው ያስረክባል። የሮማው ጦር አዛዥ ክራሰስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ53፣ በካራን አጠገብ ድል ሲሆን ዓርማዎቹ ተማርከው ነበር፤ ካራን የአብርሃም አባት ታራ የሞተባት ከተማ ናት። በ20 አውግስጦስ በድርድር አስመለሳቸው። እንግዲህ ይህ ንስር በደፈናው «ኃይል» አይደለም፤ 33 ዓመት የቆየ ውርደት መታጠቡ ነው። ከበላይ ሰማይ መጎናጸፊያውን ዘርግቷል፣ ፀሐይ በአራት ፈረስ ሠረገላ ይመጣል፤ ከታች ምድር ሁለት ሕፃናትና የፍሬ ቀንድ ይዛ ተጋድማለች። ግራና ቀኝ ያዘኑ ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል፤ የተገዙ ሕዝቦች ናቸው። ደም የፈሰሰበት አንድም ቦታ የለም። ንግግር ያመጣውን ውጤት ሰማይና ምድር እንዲመሰክሩለት አድርጎ መቅረጽ፣ በእኛ ዕይታ የሐውልቱ ታላቅ ሐሳብ ይህ ነው።

ፊቱ የወጣት መሆኑም አያታልል። አውግስጦስ እ.ኤ.አ. በ14 ሲሞት 75 ዓመቱ ነበር፤ ምስሎቹ ግን አላረጁም። ባለሙያዎች የሚለዩት በግንባሩ ፀጉር ነው፤ ጉንጉኑ እንደ ሹካ ለሁለት ይከፈላል። ጽሑፋችሁ «ንጹሕ ነጭ» ያለውም መታረም አለበት፤ በላዩ የቀይና የሰማያዊ ቀለም ርዝራዥ ተገኝቶበታል። በግራ እጁ የያዘው በትር ደግሞ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጥገና ነው። «በትሩ የሥልጣን ምልክት ነው» ተብሎ የተጻፈው የጠጋኙን ሐሳብ ለጥንቱ ቀራፂ መስጠት ይሆናል።

ፊትም ራሱ ሊለወጥ ይችላል። ቄሳሩ ዶሚቲያን እ.ኤ.አ. በ96 ተገድሎ መታሰቢያው እንዲደመሰስ ሲወሰን፣ በአንድ የእምነ በረድ ቅርጽ ላይ የነበረው ፊቱ ተፍቆ የተተኪው የኔርቫ ሆነ፤ ዛሬ በቫቲካን አለ። ድንጋይ ይቀነሳል እንጂ አይጨመርም፤ ስለዚህ እንደገና የተቀረጸ ራስ ለአካሉ ያንሳል። ጽሑፍም እንዲሁ ነው። በ203 በቆመው የቄሳር ሴፕቲሚየስ ሴቬረስ ቅስት ላይ ከነበሩት ስሞች አንዱ ጌታ (Geta) የተባለው ልጁ ስም ነበር፤ ወንድሙ ካራካላ በ211 ካስገደለው በኋላ ስሙ ተፍቆ ሌላ ቃል ተተካበት። የነሐሱ ፊደላት የተተከሉባቸው የቀድሞ ቀዳዳዎች ግን አሁንም ይታያሉ።

አንድ ነገር በተለይ ለኛ አንባቢ መነገር አለበት። ምስል ማንበብን የተማርነው ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነው። እዚያ ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ያየናል፤ ክፉው በጎኑ ተስሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ይህን ይዘን ሳንቲም ብናይ ቄሳሮቹ ሁሉ ክፉዎች ይመስሉናል። ሳንቲም ላይ የጎን ገጽታ የተመረጠው ሰውየው ቶሎ ስለሚለይበት ነው፤ ፊት ለፊት ሲሆን ደግሞ አፍንጫው ከሁሉ ቀድሞ ያልቃል። የአክሱም ነገሥታትም በወርቃቸው ላይ በጎን ነው የታዩት፤ በሁለት የእህል ዛላ መሃል፣ ከላያቸው መጀመሪያ ጨረቃና ክብ፣ ከዒዛና ክርስትና በኋላ ደግሞ መስቀል። በራስ ዙሪያ ያለ የብርሃን ክብም በሮም የቅድስና ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ388 በተሠራውና አሁን ማድሪድ በሚገኘው የሮማው ንጉሥ የቴዎዶስዮስ የብር ሳህን ላይ ክቡን የደፉት በሕይወት ያሉ ሦስት ነገሥታት ናቸው፤ ከእግራቸው ሥርም ያችው የፍሬ ቀንድ የያዘች ምድር ተጋድማለች።

በሚቀጥለው እትም ሠንጠረዡ ቢታረም እንወዳለን። ከዘንባባው አንጻር «በቪክቶሪያ እጅ ድል፤ ከተቀመጠች ምርኮኛ አጠገብ የይሁዳ ምድር» ይባል። ከሐውልቱ ፎቶ ሥር ደግሞ የተሠራበት ነገር፣ ቁመቱ፣ የተገኘበት ቦታና የትኛው ክፍል በጥገና እንደተጨመረ ይጻፍ፤ ለዚህ ሁለት መስመር ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሥነ ጥበብ ታሪክ መምህራን
አዲስ አበባ