ዓይኔን በባጃጅ መስታወት

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ድሬዳዋ ከዚራ ጥላ ሥር ቆሜ ተሳፋሪ እየጠበቅኩ ነው የምጽፍላችሁ። 12 ዓመት ሙሉ ከጫት ምርቃና በኋላ ጨብሲ ሳልል ያደርኩበትን ቀን አላስታውስም። ቢራ፣ ብር ሲያጥር ደግሞ አረቄ። ካቆምኩ 8 ወር ሆነኝ።

ጭንቀቱ የመጣው ካቆምኩ በኋላ ነው። ጠዋት ጠዋት በባጃጇ መስታወት የዓይኔን ቆብ ወደ ታች ስቤ ነጩን አያለሁ። ቢጫ ነው? የድሬ ፀሐይና አቧራ ነው ያደፈረሰው? ሽንቴ ሻይ ሲመስል ውሃ ስላልጠጣሁ ነው እላለሁ፤ ግን ልቤ አያርፍም።

አክስቴ «የወፍ በሽታ ነው» ብላ ክንዴ ላይ ቅጠል ልታስርልኝ ነበር። እሺ አላልኳትም። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ሳይመረምረኝ «መጠጥ ተው» ብሎ ሸኘኝ። ትቼ የለ እንዴ!

ሌላ ቦታ ለምርመራ ደም ሰጠሁ፣ አልትራሳውንድም ተነሳሁ። ሐኪሟ ጉበቴ ላይ ስብ እንዳለ ነገረችኝ። ስቡ መጠጥ ሲቆም ሊቀንስ ይችላል፤ ጉበቱ ጠባሳ ከያዘ ግን መመለሱ ከባድ ነው አለች። ሄፓታይተስ ቢም አብራ አስመረመረችኝ። ሆዴ ወይም እግሬ ካበጠ፣ ደም ካስታወከኝ ቶሎ እንድመጣ አስጠነቀቀችኝ።

ቆይ፣ ጫቱስ? ሐረር ውስጥ የተሠራ ጥናት ጫትን ሥር ከሰደደ የጉበት ሕመም ጋር ማያያዙን የሰማሁት ከእሷ ነው። በጤና ዓምዳችሁ ይህን ጻፉልን፤ በርጫ ላይ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ።

የባጃጅ ሾፌር፣ ከድሬዳዋ