የኋላው በር ቁልፍ

እህት ዓለሜ፣

እንዴት ነሽ? ሕፃኑስ? ባለቤትሽስ? ከክርስትናው ወዲህ ድምፄ ጠፋ፤ ይቅርታ። ስንገናኝ እንደፈለግሽ ትቆጪኛለሽ። ዛሬ ግን የጻፍኩት አንቺን የሚፈልግ ነገር ስለገጠመኝ ነው።

እዚሁ ሐዋሳ፣ አንድ ግቢ ውስጥ የሴቶች ዶርም ፕሮክተር ሆኛለሁ። አልጋ ሥር በምትደብቂያት ስቶቭ ስንት ጊዜ ያስጨነቅሻትን ሴትዮ ታስታውሻለሽ አይደል? የእሷ ሥራ አሁን የእኔ ነው። ልጆቹን በጣም እወዳቸዋለሁ። ፍሬሽማኖቹ መጀመሪያ ሲመጡ ሻንጣቸውን ይዘው ኮሪደሩ ላይ ሲቆሙ ብታያቸው አንጀትሽን ይበሉሻል።

ችግሬ በር ነው። ብሎካችን ባለ አራት ፎቅ ሲሆን ሁለት ደረጃ አለው። አንደኛው በዋናው በር ያወጣል። ሁለተኛው ደግሞ ወደ ኋላ በር ይወርዳል፤ ያ በር ማታ ማታ በጓጉንቸር ይዘጋል። ቁልፉ ያለው ጥበቃው ጋ ነው። ጥበቃው ደግሞ ሌሊቱን ግቢውን ሲዞር ነው የሚያድረው። የታችኞቹ ፎቆች መስኮቶች በሙሉ የብረት ፍርግርግ አላቸው። እንግዲህ አስቢው፤ እሳት በዋናው በር በኩል ቢነሳ ልጆቹ በየት ይወጣሉ? እኔ ይህን ማሰብ ከጀመርኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ማታ ጓጉንቸሩ ሲቆለፍ ቀጭ የሚለው ድምፅ ክፍሌ ድረስ ይሰማኛል።

ቢሮ ሄጄ ተናግሬያለሁ። «ላፕቶፕ ሲጠፋ ማን ሊጠየቅ ነው?» አሉኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ይህም ባዶ ሰበብ አይደለም። ላፕቶፕ ጠፍቷል፣ ስልክ ጠፍቷል። አንድ ጊዜ የማይታወቅ ሰው በኋላ በር ገብቶ ልጆቹን ክፉኛ አስደንግጧቸዋል። ይቆለፍልን ብለው የለመኑት ራሳቸው ልጆቹ ናቸው። ስለዚህ በሩ ይከፈት ብዬ ብቻ መጮህ አልችልም። ከውጭ የማይከፈት፣ ከውስጥ ግን ቁልፍ ሳያስፈልግ በመግፋት ብቻ የሚከፈት በር ነው የምፈልገው። ትልልቅ ሆቴሎች ላይ ያለው፣ አግድም ብረቱን በሆድሽም በክንድሽም ስትገፊው ወለል የሚለው ዓይነት። ሲከፈት የሚጮህ ደወል ቢኖረው ደግሞ ሌባውም ይፈራል።

ሌላም ነገር አለ። የአሁኑ በር ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። ሰው ከኋላ እየገፋ ከመጣ፣ ከፊት ያለችው ልጅ በሩን ወደ ራሷ መሳብ አትችልም። ቁልፉ እጇ ላይ ቢኖር እንኳን።

አንቺ መሐንዲስ ነሽ። እዚህ ያለ ብየዳ ቤት እንዲህ ያለውን በር ሊሠራው ይችላል? ወይስ መቆለፊያው ተገዝቶ ነው የሚገጠመው? ንድፉን ብትሠሪልኝ፣ ከሥሩም በሙያሽ ሁለት መስመር ብትጽፊበት፣ ቢሮው ከእኔ ይልቅ አንቺን ይሰማል። ወረቀት ላይ የመሐንዲስ ፊርማ ሲያዩ ነገሩ ሌላ ይሆናል።

በ2008 ጥር እዚህ ሐዋሳ የደረሰውን የመሬት መንቀጥቀጥ አልተርክልሽም፤ አንድ ላይ ነበርን። ያንቺ አሮጌ ነጠላ ጫማ በአንድ እግር ብቻ ሜዳ ላይ መገኘቱን ግን እስካሁን አልረሳሁትም። ለልጆቹ የምነግራቸው ይህን ነው፦ የመንቀጥቀጡ መጠን 4.3 ነበር፣ ሕንፃዎቹ ቆመው ቀሩ፣ ብዙዎቹ ተማሪዎች የተጎዱት ግን ከፎቅ ሲዘሉና ደረጃ ላይ ሲገፋፉ ነው። መሬት ስትንቀጠቀጥ አትሩጡ እላቸዋለሁ። ጎንበስ በሉ፣ ጠረጴዛ ሥር ግቡ፣ እግሩን አጥብቃችሁ ያዙ። አልጋ ላይ ከሆናችሁ እዚያው ሁኑ፣ ጭንቅላታችሁን በትራስ ሸፍኑ። ከመስኮትና ከሎከር ራቁ። ሲቆም ጫማ አድርጋችሁ፣ ሳትገፋፉ ውጡ።

አንዷ «ሕንፃው ራሱ ቢወድቅብንስ?» አለችኝ። ምን ልበላት? አይወድቅም ብዬ ልማልላት አልቻልኩም። እኔና አንቺ ስምጥ ሸለቆ ላይ ነው የምንኖረው። የሐዋሳ ሐይቅ ራሱ የተኛው ድሮ እሳተ ገሞራ በፈጠረው ገንዳ ውስጥ ነው። በ2017 በአዋሽ ፈንታሌ በኩል ሲንቀጠቀጥ አንቺም አዳማ ሆነሽ ቀምሰሽዋል። ይቺ የጠየቀችኝ ልጅ ያኔ ቤታቸውን ለቀው ከወጡት ቤተሰቦች የአንዱ ልጅ ናት። ከባድ መኪና በአጥሩ በኩል ባለፈ ቁጥር ከአልጋዋ ትነሳለች። አጠገቧ ተቀምጬ ዝም አልኩ። ከዚያ ለሷ ብዬ ሎከሮቹን ከግድግዳ ጋር በብሎን አሳሰርኩ። ቢያንስ እሱ በእጄ ያለ ነገር ነው።

ስለ ስቶቩ ብዙ አልልም፤ አንቺ ታውቂዋለሽ። ዛሬም አንድ ሶኬት ላይ ሁለት ኤክስቴንሽን፣ እሱ ላይ ደግሞ ስቶቩም ቻርጀሩም ይሰካበታል። መንጠቁ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ሌላ ይገዛሉ። ከታች አንድ ክፍል የቡና ማፍያ እንዲሆንላቸው ጠይቄ ተፈቅዶልኛል፤ እዚያ እያፈሉ ነው። በኤሌክትሪክ እሳት ላይ ውሃ እንዳይደፉ፣ መጀመሪያ ቆጣሪውን እንዲያጠፉ፣ ጭስ ከላይ ስለሚከማች ዝቅ ብለው እንዲወጡ ነግሬያቸዋለሁ። የእሳት ማጥፊያውን ደግሞ በእጃቸው አስይዣቸዋለሁ፦ ፒኑን ንቀሉ፣ አፉን ከነበልባሉ ሥር አነጣጥሩ፣ እጀታውን ጨምቁ፣ ግራና ቀኝ ጥረጉ። አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ነክተውት አያውቁም። ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሎ በየቀኑ ያልፉታል እኮ።

አሁን የደስታዬን ልንገርሽ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ መስማት የማትችል ተማሪ አለችኝ። ስለ አደጋ ጊዜ ደወሉ ሳስረዳ ቆይቼ ስጨርስ ወረቀት ላይ «እኔስ በምን ልወቅ?» ብላ ጽፋ ሰጠችኝ። ከዚያ መልሱን ያመጣችው ራሷ ናት። የዶርም ጓደኞቿ ትከሻዋን ሁለቴ መታ ያደርጓታል፣ መብራት ካለ ያበሩና ያጠፋሉ። ይህንኑ ለሁሉም ዶርም ወሰድነው። እያንዳንዷ ልጅ የምትጠራት አንዲት ጓደኛ አላት፤ ሳታያት አትወጣም። መመሪያውንም ልጆቹ ራሳቸው በአማርኛ፣ በሲዳምኛና በኦሮምኛ ጽፈው በየበሩ ለጠፉት። ሰው ሲደነግጥ በእናቱ ቋንቋ ነው የሚያስበው።

ባለፈው ቅዳሜ ልምምድ አደረግን። ደወሉ ሲደወል በዋናው በር ወጥተው ኳስ ሜዳው ላይ በየፎቃቸው ተሰለፉ። ስም ጠራሁ። አንዲትም ሳትጎድል ሁሉም «አለሁ» አሉኝ። አለቀስኩ። መስማት የማትችለዋ ልጅ ከፎቋ ቀድማ ነው የወጣችው፤ ጓደኛዋን እጇን ይዛ እየጎተተቻት።

የኋላውን በር ግን አልሞከርነውም። ተቆልፎ ነበር። ጥበቃው ቁልፉን ይዞ የደረሰው እኛ ስም ጠርተን ከጨረስን በኋላ ነው። ደግ ሰው ነው፤ እየሮጠ ነው የመጣው።

እንዴት እንደምለው አላውቅም… ብትመጪልኝ ደስ ይለኛል። በሩን በዓይንሽ ብታዪው፣ ደረጃው ላይ ያለውን ስንጥቅም ብታዪልኝ፤ ልስን ብቻ ይሁን ምሰሶው ድረስ የገባ እኔ መለየት አልችልም። ሥራ እንደሚበዛብሽ አውቃለሁ። ሕፃኑን ይዘሽው ነይ፤ እዚህ ስንት አሳዳጊ አለው። አሞራ ገደል ወስጄ ዓሣ አበላሻለሁ፣ የመኪናሽንም እኔ እችላለሁ።

መምጣት ካልቻልሽም ቢያንስ ንድፉን ላኪልኝ። የበሩን ስፋትና ቁመት ለክቼ ከፎቶዎቹ ጋር በቴሌግራም ልኬልሻለሁ። ወር ሳይሞላ የበጀት ስብሰባ አለ፤ ከዚያ በፊት ቢደርሰኝ አስገባዋለሁ። ግምታዊ ዋጋም ጻፊበት፤ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ እሱን ነው።

ያንቺው እህት
ከሐዋሳ