ለከተማችን ምክር ቤት አባል የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክብርት የምክር ቤት አባል፣

አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ስምዎንም ሆነ በሰሜን ሸዋ፣ በደሴ መንገድ ዳር ያለችውን የከተማችንን ስም ያልጻፍኩት፣ ይህ ደብዳቤ ክስ ሳይሆን ጥያቄ ስለሆነ ነው፤ ሰፈርተኛው እንደሆነ ያውቅዎታል።

ሥራ የጀመሩት በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ሲጀመርና በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት ሠራተኞች ሲመደቡ ነበር። ቦርሳዎን አንግተው ከቤት ቤት እየዞሩ ልጅ ሲያስከትቡ፣ መጸዳጃ ቤት ሲያስቆፍሩ፣ ፍሳሽ የት መወገድ እንዳለበት ሲያሳዩ አይተንዎታል። በእናቴ ጓሮ የተቆፈረውን ጉድጓድ በገመድ ለክተው «ይኼ ገና ነው» ብለው በድጋሚ ያስቆፈሩንን እስከ ዛሬ አንስተን እንስቃለን። በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ ድምፃችንን የሰጠንዎትም ለዚያች ገመድ ያዥ ሴት ነው።

የሰጠንዎት ጊዜ አምስት ዓመት ነበር። በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ የነበረው የአካባቢ ምርጫ ተራዘመ፤ በ2013 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤትና የክልል ምክር ቤቶች ምርጫ ሲደረግም የእኛን የመሰሉ ከተሞች ምክር ቤቶች አልተካተቱም። ምርጫውን ያራዘሙት እርስዎ አይደሉም፣ በዚህ አልወቅስዎትም። ሆኖም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ተመራጭም ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንዲሆን ይደነግጋል፤ የድምፅ መስጫ ሣጥን በዘገየ ቁጥር ተመራጭ ወደ መራጩ ቀርቦ የማስረዳት ግዴታው ይብስበታል እንጂ አይቀልለትም።

በቅርብ ዓመታት በጉባኤ ሲናገሩ አብዝተን የምንሰማው ስለ ኢንቨስትመንት መሬትና ስለ አዲሱ የአስተዳደር ሕንፃ ነው። ደብረ ብርሃን ፋብሪካ በፋብሪካ ላይ ስትጨምር እያየን፣ የእኛም ከተማ እንዲያ ብትሆን ማን ይጠላል? ነገር ግን ከገበያው ወደ ጤና ጣቢያው የሚወርደውን መንገድ ይመልከቱልን። ነዋሪው ገንዘብ አዋጥቶ ያስነጠፈው ኮብልስቶን ግራና ቀኙ ቦይ ስላልተሠራለት፣ ጎርፉ ከሥሩ ያለውን አሸዋ እያጠበ ድንጋዩን አንድ በአንድ ነቅሎታል። በሐምሌ ወደ ጤና ጣቢያ የምትሄድ ነፍሰ ጡር፣ ባለ ሱቆቹ በጣሉት ሳንቃ ላይ ሰው ክንዷን ይዟት ነው የምትሻገረው።

ቦዩ በዕቅድ ተይዟል የሚለውን መልስ ሰምተናል፤ ዕቅዱንም አንጠራጠርም። ችግሩ ያለው በቀን መቁጠሪያው ነው። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1፣ ክረምቱ በበረታበት ወር ነው። ዲዛይኑና የጨረታ ሰነዱ የሚታሰቡት በጀቱ ከጸደቀ በኋላ በመሆኑ መስከረምና ጥቅምት በደብዳቤ ያልቃሉ፣ በጋው በጨረታ ያልፋል፣ ቁፋሮው የሚጀመረው ሰኔ ሲደርስ ነው። የተቆፈረውን ደግሞ የመጀመሪያው ዶፍ ይደፍነዋል፤ ያልተሠራበት ገንዘብ ሰኔ 30 ይመለሳል፣ ዕቅዱም ለሚቀጥለው ዓመት ይዛወራል። ይህን ለመለወጥ አዲስ ገንዘብ ከመጠየቅ በፊት፣ የበጀት ቋሚ ኮሚቴ አባል እንደመሆንዎ ዲዛይኑና የጨረታ ሰነዱ በግንቦት እንዲያልቁ፣ ቁፋሮውም መሬቱ ጠፈፍ ሲል፣ በጥቅምት እንዲጀመር አስፈጻሚውን አጥብቀው መጠየቅ ይችላሉ።

ስለዚህ የሚቀጥለው በጀት ከመጽደቁ በፊት በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ እንዲጠሩልን እጠይቃለሁ። ሲመጡ ቦዩን በሚመለከት በጉባኤ ያነሷቸውን ጥያቄዎች የያዘውን ቃለ ጉባኤ፣ የተሰጠዎትን መልስና ለቦዩ የተያዘውን የገንዘብ መጠን ይዘው ይምጡ። ስለ ሕንፃው የሚያስረዱን ካለ፣ ከቦዩ ቀጥለን እናዳምጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቀበሌዎ ነዋሪ