ይድረስ ለጥንቱ የቆሎ ተማሪ

እንዴት ከርመሃል? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ስጽፍልህ አፍራለሁ። ሰበብ አልደረድርም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። እናትህን ጉልበት ሳምልኝ። በቃ፣ ይኼ አለፈ አይደል?

የጻፍሁልህ ጭንቅ ይዞኝ ነው። ሳትስቅ ስማኝ። እሺ፣ ትንሽ ሳቅ።

የእንግሊዝኛ ፈተና አርሜ መለስሁ። ነገሩን ለማጉላት የቃሉን ቅደም ተከተል ገልብጡ የሚል ጥያቄ ነበረው። ያው «አይ ሃቭ ኔቨር ሲን» (አይቼ አላውቅም) የነበረው «ኔቨር ሃቭ አይ ሲን» ሲሆን። አሉታው («ኔቨር») ፊት ሲወጣ ረዳት ግሱ («ሃቭ») ባለቤቱን («አይ») ይቀድማል፣ ልክ እንደ ጥያቄ። ረዳት ከሌለ «ዱ» ወይም «ዲድ» ይጠራል። እስከዚህ እኔም ጎበዝ ነኝ።

ጉዱ «ኖት አንቲል» ላይ ነው። ከጅጋ በየሳምንቱ ስንቅ እየተሸከመች መጥታ እዚህ ፍኖተ ሰላም የምትማር ልጅ አለች፤ ዝምተኛ። «ኖት አንቲል ዘ ሬይን ስቶፕድ ዲድ ዊ ሊቭ» ብላ ጻፈች። በኛ «የሄድነው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው» እንደማለት። እኔ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ! አልበቃኝም፣ ከጎኑ «ዲድ ከአንቲል ቀጥሎ ይምጣ» ብዬ በትልቁ ጻፍሁበት። ትናንት ማታ ሌላ ነገር ስፈልግ የሰዋስው መጽሐፍ ብገልጥ፣ ልጅቱ ልክ ናት። ከ«አንቲል» በኋላ ያለው እንዳለ ይቀመጣል፤ የሚገለበጠው ኋላ የሚመጣው ዋናው ሐረግ ነው፣ «ዲድ ዊ ሊቭ» ያለችው። ስንት ዓመት ነው ስህተቱን ሳስተምር የኖርሁት? አልቆጥረውም።

አንተ ብትሆን አትስትም ነበር። ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ግስ ፊት ቢመጣ አይደነግጥም። በግእዝ «መጽአ ብእሲ» ነው፤ መጣ ሰው። እኛስ መናኸሪያ ቆመን «መጣልህ አውቶቡሱ!» እንል የለ? እንግሊዞቹም «ሂር ካምስ ዘ በስ» ይላሉ። በተውላጠ ስም ከሆነ ግን አይገለብጡትም፣ «ሂር ኢት ካምስ» ነው። የግእዙ ምሳሌ ያንተ ነው። ክፍል ውስጥ የራሴ አስመስዬ ነው የማወራው፤ እሱንም ይቅር በለኝ።

ማርኩን መመለስ ቀላል ነው። ወረቀቱን ስትቀበል ግን አየት አደረገችኝና ምንም ሳትል አጣጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። ልክ መሆኗን ታውቅ ነበር መሰለኝ። ሰኞ ክፍሉ ሁሉ ፊት ልናገር? ወይስ ለብቻዋ ልጥራት? ለብቻዋ ካልሁ ፈርቼ ነው። ሁሉም ፊት ካልሁ ደግሞ… እንጃ። የኋላ ወንበር ልጆችን ታውቃቸዋለህ፤ እኛም እዚያው ነበርን።

የኔታ ያን ጊዜ ያለጥፋትህ ያስወጡህ ቀን፣ በማግስቱ ጠርተው ምን ነበር ያሉህ? ቃሉን እንዳለ ጻፍልኝ። እስከ እሑድ ማታ ይድረሰኝ። ብትደውልም ይሆናል፤ ዘንድሮ አነሳለሁ።